መጋረጃው ሲገለጥ፦ ነባር ተውኔቶች ለቤተሰብ ምን ያተርፋሉ?



በዚህ አምድ አብዛኛውን ጊዜ የምንጨዋወተው ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ትዳርና ስለ ጉርብትና ነው። ዛሬ ደግሞ ወደ ቴአትር ቤት ጎራ እንበል። «ቴአትርና ቤተሰብ ምን አገናኛቸው?» የሚል ሰው አይጠፋም። እኛ ግን ሁለቱ በጣም የተቀራረቡ ናቸው ባዮች ነን። ደግ ተውኔት ሰው በቤቱ ውስጥ የሚሸሽገውን ቅናት፣ ጥርጣሬ፣ ስስትና ፍቅር አውጥቶ ከፊታችን ያቆምልናል። በሌላው ሰው ታሪክ እየሳቅንና እያዘንን ሳለ፣ የራሳችንን ቤት ማየት እንጀምራለን።

ለመሆኑ በደብረ ታቦርና በአካባቢዋ ደጋ ለሚኖር ቤተሰብ ቴአትር ምኑ ነው? «የአዲስ አበባ ሰው መዝናኛ ነው፤ እኛ ዘንድ ምን ቴአትር ቤት አለና!» የሚለውን ቅሬታ ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ቅሬታው እውነትነት አለው። ትልልቆቹ ቴአትር ቤቶች ያሉት በዋና ከተማው ነው። ከደብረ ታቦር ወረታን አልፎ ባሕር ዳር የሚደርስ ሰው ግን የክልሉን የሙሉዓለም የባህል ማዕከል ያገኛል። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለሕክምናም፣ ለዘመድ ጥየቃም፣ ለንግድም ባሕር ዳር የሚወርድ ቤተሰብ «ዛሬ መድረክ ላይ ምን አለ?» ብሎ ቢጠይቅ አይከፋም። ደግሞም ተውኔት የሚገኘው በአዳራሽ ብቻ አይደለም። ይህን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከየት ተነሣ?

በአገራችን የዘመናዊ ተውኔት ታሪክ የሚጀምረው በፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነው። በልጅነታቸው ወደ ሩስያ ሄደው የተማሩት እኚህ ሰው በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት ጻፉ። ተዋንያኑ አውሬዎች ሆነው ቢቀርቡም፣ ነገሩ ስለ ሰዎችና ስለ አስተዳደር ብልሹነት እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነበር። ሹማምንቱ ሳቁን አልወደዱትም፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተውኔቱ ታገደ። እንግዲህ የአማርኛ ተውኔት ገና ሲወለድ ጀምሮ ሰው ፊት ለፊት ሊናገረው የፈራውን በተረት ለብጦ የሚናገር ነበር ማለት ነው። ይህ ከአያቶቻችን ተረት አተራረክ ብዙም የራቀ አይደለም። ስለ አንበሳና ስለ ጦጣ እያወሩ ጎረቤታቸውን መምከር ያውቁበት የለ!

ከዚያ በኋላ የመጣው የሀገር ፍቅር ማኅበር ነው። የተቋቋመው በ1927 ዓ.ም.፣ የኢጣልያ ጦር ሊወርረን በተዘጋጀበት ጊዜ፣ ሕዝቡን በንግግርና በዜማ ለመቀስቀስ ነበር። በወረራው ዘመን ተቋርጦ ከነፃነት በኋላ እንደገና ሥራውን ቀጠለ፤ ዛሬ ሀገር ፍቅር ቴአትር የምንለው ያ ነው። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ይባል የነበረው የአሁኑ ብሔራዊ ቴአትር ተመረቀ። ነባር የምንላቸው የአማርኛ ተውኔቶች፣ የአገራችን ደራስያን የጻፏቸውም ሆኑ ከሼክስፒርና ከሞልየር የተመለሱት፣ ከተመልካች ጋር የተዋወቁት በአብዛኛው በእነዚህ ሁለት መድረኮች ነው።

ደብረ ታቦር በመድረክ ላይ

የደብረ ታቦር ሰው ቴአትርን እንደ ሩቅ ነገር ማየት የማይገባው አንድ ሌላ ምክንያት አለ። ከተማዋ ራሷ የታላላቅ ተውኔቶች ጉዳይ ናት። የመጀመሪያውን ተውኔት የጻፉት የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ልጅ፣ ደጃዝማች ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ «ቴዎድሮስ» የተሰኘ ታሪካዊ ድራማ ጽፈዋል። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ተውኔት ደርሰዋል። በቅርቡ ዘመን ደግሞ የጌትነት እንየው «የቴዎድሮስ ራዕይ» ለመድረክ በቅቷል። አባት የጀመረውን ልጅ ሲቀጥለው፣ ከዚያም ተከታዩ ትውልድ ሲረከበው ማየት በራሱ ደስ ያሰኛል።

ደራስያኑ በዚህ ታሪክ ቢመላለሱበት አይደንቅም፤ ታሪኩ ድራማ ነውና። ከደብረ ታቦር አቅራቢያ ባለችው ጋፋት የአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎች ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ለንጉሡ ቀልጠው ሠሩ። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነበር። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ንጉሡ ከተማቸውን ደብረ ታቦርን በእሳት አጋይተው፣ ያን ከባድ ብረት በገደልና በሸለቆ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተጓዙ። ስድስት ወር ገደማ የፈጀ ጉዞ ነው። መጨረሻውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ንጉሡ በገዛ እጃቸው ሞቱ። የደብረ ታቦር ልጅ ይህን በመድረክ ሲያይ «ጋፋት» የሚለው ስም ከተዋናዩ አፍ ሲወጣ ጆሮው ይቆማል። የሚያውቀው ኮረብታ ነዋ!

ውድ አንባቢያን፣ ደስ ብሎን ማየት ማለት ግን ጥያቄ ሳንጠይቅ ማየት ማለት አይደለም። ታሪካዊ ተውኔት ንጉሡን መሐል ላይ ያቆማል፤ ብርሃኑም የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ከብርሃኑ ውጭ የቆመው ማነው? ከዐፄ ቴዎድሮስ በፊት ደብረ ታቦርን መናገሻቸው ያደረጉት ራስ ዓሊ፣ የዘር ሐረጋቸው ወደ የጁ ሙስሊሞች የሚመዘዝ ሰው ነበሩ። በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ያሸነፏቸው ካሳ ኃይሉ ደግሞ የልጃቸው የተዋበች ባል ናቸው። በአባቷና በባሏ መካከል የቆመች አንዲት ሴት! ይህ ብቻውን አንድ ተውኔት አይወጣውም?

በዚያው ዘመን ደሪጣና ይፋግ በጣና ምሥራቅ የሚገኙ የሲራራ ነጋዴ መናኸሪያዎች ነበሩ። የአካባቢው ሙስሊሞች አሞሌውን፣ ቡናውንና ጨርቁን ይዘው አገር ለአገር ይዞሩ ነበር፤ ሸማውንም ይሠሩ ነበር። የንጉሥ ዘመቻ ሲያልፍ ገበያው ምን ይሆናል? ንጉሡ በሙስሊሞች ላይ ጫና ማሳረፋቸውን የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል፤ ከእሳቸውም በኋላ በ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳው ጉባኤ ያመጣውን መከራ ቤተሰቦቻችን በቃል ሲቀባበሉት ኖረዋል። ተውኔቱን አይተው ሲወጡ ልጆች «የእኛ ሰዎች የት ነበሩ?» ብለው ቢጠይቁ ጥያቄያቸው ትክክለኛ ነው። መልሱ ግን ተውኔቱን መጥላት አይመስለንም። ጀግንነቱን እያደነቅን የተረሳውን ማስታወስ እንችላለን።

አንድ ምሳሌ እንጨምር። በ1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው በወሎ በኩል ሲሸሹ የወሎዋ ገዥ ወርቂት እጅ ገቡ። የወርቂት ልጅ ግን ያን ጊዜ በመቅደላ የዐፄ ቴዎድሮስ እስረኛ ነበር። ምኒልክን አሳልፋ ብትሰጥ ልጇን ልታድን ትችል ነበር። እሷ በሐሳብ ተወጥራ ሳለች የልጇ መገደል ወሬ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ወርቂት ምኒልክን አጅባ ወደ ሸዋ ሸኘቻቸው። ከዚህ የበለጠ የእናት ድራማ ከወዴት ይመጣል? ብዕር ያላችሁ ወጣቶች ሆይ! ያልተጻፈው ብዙ ነውና ማልቀሱን ትታችሁ ጻፉ።

የመሀረቡ ነገር

አሁን ደግሞ ወደ ሌላ አገር እንሻገር። ከአማርኛ መድረክ ነባር ተውኔቶች ሁሉ ለባልና ሚስት አብሮ ለማየት የሚገባው የትኛው ነው ብትሉን ያለ ማመንታት «ኦቴሎ» እንላለን። እንግሊዛዊው ሼክስፒር ከ400 ዓመት በፊት ጻፈው፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በግጥም ወደ አማርኛ መለሱት። ጸጋዬ «ሃምሌት»ንና «ማክቤዝ»ንም ተርጉመዋል። የአማርኛው ቃል ክብደትና ዜማ ያለው በመሆኑ፣ ተመልካቹ ታሪኩ ከባሕር ማዶ መምጣቱን እስከ መርሳት ይደርሳል።

ኦቴሎ በቬኒስ ከተማ የሚያገለግል ጥቁር የጦር አዛዥ ነው። «ሙር» ይሉታል፤ አውሮፓውያን የሰሜን አፍሪካ ሙስሊሞችን የሚጠሩበት ስም ነው። በተውኔቱ ውስጥ ግን ክርስትናን የተቀበለ ሰው ሆኖ ነው የሚታየው። ዴዝዴሞና የምትባል የባላባት ልጅ የጀብዱ ታሪኩን ሰምታ ወደደችው፤ አባቷ ሳይፈቅድ ተጋቡ። ኢያጎ የሚባል የበታቹ ደግሞ ሹመት ስለ ቀረበት ቂም ይዟል። ሹመቱን ያገኘው ካሲዮ ነው። ኢያጎ በአንድ ጥይት ሁለቱንም ለመምታት ያሰበው እንዴት መሰላችሁ? በወሬ!

ቤተሰብ ልብ ብሎ ሊያየው የሚገባ እዚህ ላይ ያለው ዘዴ ነው። ኢያጎ ሮጦ መጥቶ «ሚስትህ ከዳችህ» አይልም። መጀመሪያ አንዲት ነገር ይጥላል፤ ከዚያ ዝም ይላል። ሲጠየቅ «ኧረ ምንም አይደለም» ይላል። ኦቴሎ የተናገረውን ቃል መልሶ እየደገመ ነገሩን ያከብደዋል። እሱ ራሱ «ከቅናት ተጠንቀቅ» ብሎ ይመክራል! መካሪ መስሎ መርዙን ያጠጣል። በመጨረሻ ኦቴሎ ለሚስቱ የሰጣት መሀረብ ወድቆ ይገኛል፤ የኢያጎ ሚስት ኤሚሊያ ምን እንደሚደረግበት ሳታውቅ አንሥታ ለባሏ ትሰጠዋለች። መሀረቡ ካሲዮ ዘንድ እንዲገኝ ይደረጋል። አንዲት ጨርቅ ማስረጃ ሆነች፤ ማንም ደግሞ ዴዝዴሞናን ቁጭ አድርጎ «መሀረቡ የት ሄደ? እውነቱ ምንድን ነው?» ብሎ በሰከነ ልብ የጠየቃት የለም። ኦቴሎ ንጹሕ ሚስቱን በገዛ እጁ ገደላት። እውነቱ የወጣው ከዚያ በኋላ፣ በኤሚሊያ አንደበት ነው። ምን ዋጋ አለው? ኦቴሎም ራሱን ገደለ።

ወገኖቼ፣ ኢያጎ የቬኒስ ሰው ብቻ ነውን? በመንደራችን፣ በሥራ ቦታችን፣ ከዘመዶቻችንም መካከል የለምን? «እኔ ምን አገባኝ፤ ብቻ ትላንት ሱቅ በር ላይ ቆማ አየኋት» የሚለው ሰው ማን ነው? ዛሬ ደግሞ የመሀረቡን ቦታ የእጅ ስልክ ወስዶታል። አንድ ያመለጠ ጥሪ፣ አንድ የማይታወቅ ቁጥር ትዳር ያናጋል። ነሚማ፣ ማለትም ወሬ እያመላለሱ ሰውን ማጣላት፣ በዲናችን ከባድ ወንጀል መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሱረቱል ሑጁራትም የመጣልንን ወሬ ሳናጣራ ሰው እንዳንጎዳና ኋላ እንዳንጸጸት ታስተምረናለች። ይህን በኹጥባ ስንሰማው እንቀበላለን። በመድረክ ላይ ስናየው ግን የጸጸቱ መልክ ምን እንደሚመስል በዓይናችን እናየዋለን። ተመልካች ከወንበሩ ተነሥቶ «ተው! አትመነው!» ለማለት ይቃጣዋል። ያ ስሜት ወደ ቤት ተይዞ ሊገባ የሚገባው ነው። ባል ለሚስቱ፣ ሚስትም ለባሏ «ወሬ ስሰማ መጀመሪያ አንቺን እጠይቃለሁ፤ አንተን እጠይቃለሁ» ቢባባሉ የመግቢያው ዋጋ ተመለሰ ማለት ነው።

በዐረቡ ዓለምም ይኸው ተውኔት ቀደም ብሎ ነው የገባው። የሊባኖስ ተወላጁ ገጣሚ ኸሊል ሙጥራን እ.ኤ.አ. በ1912 «ዑጠይል» ብሎ ስሙን ዐረባዊ በማድረግ ተርጉሞት ግብፅ ውስጥ ለመድረክ በቅቷል። ግብፃዊው ደራሲ ተውፊቅ አል-ሐኪም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1933 የዋሻውን ሰዎች ታሪክ መነሻ አድርጎ «አህሉል ካህፍ» የተባለውን ተውኔት አሳትሟል። ተውኔት ለሙስሊሙ ዓለም እንግዳ እንዳልሆነ ለማሳየት ያህል ይህ ይበቃል።

ሳቅ የሚነቅለው

ልቅሶው ይብቃንና ወደ ሳቁ እንምጣ። መንግሥቱ ለማ በ1950ዎቹ «ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ» የተባሉ ሁለት ኮሜዲዎችን ለመድረክ አበቁ። ስማቸው እንደሚናገረው የመጀመሪያው የጠለፋን ጋብቻ፣ ሁለተኛው በዘርና በማዕረግ «አትመጥንህም» የሚባልበትን ጋብቻ ይተቻል። ተመልካቹ ሆዱን ይዞ ይስቃል። የሚስቀው ግን በማን ላይ ነው? በራሱ አጎት፣ በራሱ አክስት፣ አንዳንዴም በራሱ ላይ ነው።

ጉዳዩ ለደጋው አገራችን የዋዛ አይደለም። ያለ ዕድሜ ጋብቻና ጠለፋ የስንቷን ልጅ ትምህርት አቋርጧል! በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባት ከክስ የሚያመልጥበት በር ነበረው። ጠልፎ በኪስ ማለት ይኸው አይደል? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሴቱም ለወንዱም 18 ዓመት አደረገ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግም ያን በር ዘጋው፤ ጠላፊ ቢያገባትም ባያገባትም ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እሥራት ይጠብቀዋል። ኮሜዲው ከሕጉ 40 ዓመት ገደማ ቀድሞ ሲናገር ነበር። ሕግ ወንጀለኛውን ይቀጣል፤ ሳቅ ደግሞ ጠለፋን ጀግንነት አድርጎ የሚያየውን ሰው ያሳፍረዋል። በዲናችንም ኒካሕ ያለ ሙሽራዋ ፈቃድ የሚያምር ነገር አይደለም፤ ስለዚህ ሴት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብታዩት የሚያሳፍር የለበትም። «ያላቻ» የሚለውንም ቃል ቤት ስትገቡ ተነጋገሩበት። በመካከላችን «የእገሌ ዘር ሸማኔ ነው» እያልን ልጅ የምንከለክል የለንምን?

እንዴት እንይ?

ጥቂት ምክር ለቤተሰብ እናክልና እናብቃ።

በመጀመሪያ፣ ሁሉም ተውኔት ለሁሉም ዕድሜ አይሆንም። «ኦቴሎ» የሞት ትዕይንት ስላለው ለትናንሽ ልጆች አይመከርም። መግቢያውን ከመክፈላችሁ በፊት ያየ ሰው ጠይቁ፤ ዲናችንና ሥርዓታችን የማይቀበለው ነገር ካለበት መተው የወላጅ መብትም ግዴታም ነው። የሶላት ሰዓትም አስቀድሞ የሚታሰብ እንጂ ከአዳራሽ ወጥቶ የሚቆጭበት መሆን የለበትም። ከዚህ የጠለቀውን የሃይማኖት ጥያቄ ለዑለማዎቻችን እንተዋለን።

ሁለተኛ፣ ቴአትር አይተው ሲመለሱ ዝም ብሎ አይተኛም። ቡናው ይፈላ፣ ወሬው ይጀመር። አባት «የቱ ሰው አናደዳችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ልጅ የሚሰጠው መልስ የልጁን ልብ ያሳያል፤ በሌላ ጊዜ ተለምኖ የማይናገረውን በተዋናዩ አሳብቦ ይናገረዋል። ለወላጅ ከዚህ የበለጠ ምን ትርፍ አለ!

ሦስተኛ፣ አዳራሽ የሌለበት ከተማ ተውኔት የለውም ማለት አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ የአገሩ ሰው ሬዲዮ ከብቦ አዳምጧል። አንድ ድምፅ ብቻውን ስንት ሰው ሆኖ ይናገር ነበር! ነባሮቹ ተውኔቶች በመጽሐፍ ታትመዋል። በክረምት ምሽት፣ የጉና ብርድ በሩን ሲያንኳኳ፣ አንድ መጽሐፍ መሐል አስቀምጦ አባት የሽማግሌውን፣ እናት የአክስቲቱን፣ ልጆች የወጣቶቹን ቃል እየተካፈሉ ቢያነቡ ቤቱ ቴአትር ቤት ሆነ። አያት ማንበብ ባይችሉ ይስሙ፤ «እንዲህ ያለ ሰው በእኛም ዘመን ነበር» ብለው የሚጨምሩት ታሪክ ከተውኔቱ ሊበልጥ ይችላል።

በመጨረሻም ለወጣቶች። ትምህርት ቤታችሁ የሚኒ ሚዲያና የድራማ ክበብ ካለው ራቅ ብላችሁ አትቁሙ። በዒድና በትምህርት መዝጊያ ቀን ለምታሳዩት አጭር ድራማም ከነባሮቹ ተማሩ። እነዚያ ተውኔቶች ክፉውን ሰው ቀንድ አብቅለው አላቀረቡትም፤ ኢያጎ ሲናገር እውነት ይመስላል፣ ይጥማልም። ደጉንም ሰው እንከን የሌለው አላደረጉትም። ተመልካቹን «ተመከር» ብለው አልጮሁበትም። ራሱ አይቶ እንዲፈርድ ተዉት። እናንተም ወርቂትን ስትጽፉ፣ የደሪጣውን ነጋዴ ስትጽፉ፣ ያን ዐደራ አትርሱ።

ለዛሬ በዚሁ ይብቃን። አላህ ቤታችንን ከኢያጎ ወሬ ይጠብቅልን፤ በቀጣዩ ወር በሰላም ያገናኘን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።